የደረቀ ጓርኒሲዮን የሞተሩን ፊት ሳይጭሩ እንዴት ይነሳል?

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ግቢ ውስጥ በቅርቡ አንዲት ሆንዳ ኤክስኤል 125 ፈታን። ባለቤቷ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳት ሲከለከል ላስቲክ አልብሶ አቆማት። እዚያው ቆማ ቀረች። አሁን ፈቃዱ ተገኝቶ ሲያስነሳት ከየመገጣጠሚያው ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ጭስም አላት። ሙሉ ለሙሉ ተፈትታ እንድትታደስ ተወሰነ።

ብሎኖቹ እንደምንም ወጡ። የፍሪሲዮኑ ክዳን ግን ንቅንቅ አልል አለ። በስንት ልመና ሲነሳ ደግሞ በመሃል ያለው ጓርኒሲዮን (ጋስኬት) ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ካርተሩ (የሞተሩ ዋና ቤት) ላይ ቀረ። በጥፍሬ ሞከርኩት። እንደ ገል ደርቋል። እሱን ብቻ ለማንሳት አንድ ከሰዓትና የማግስቱ ጠዋት ሄደብን።

በዚህ ሥራ ላይ ጊዜ የማልሰስተው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት የራሴን ሞተር ሳይክል ስፈታ ጓርኒሲዮኑን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፋቅሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ክዳኑ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ አንድ ጭረት ቀረ። ርዝመቱ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባሁ፣ ዘይቱ መንጠባጠቡን ቀጠለ። ሲሊኮን ጨመርኩ፣ ሁለት ሳምንት ቆሞ ተመለሰ። በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ክዳን ፈልጌ ቀየርኩ።

ጓርኒሲዮን፣ ብዙዎች አሁን ጋስኬት የሚሉት፣ ሥራው በሁለት ብረቶች መካከል ያለችውን ጥቃቅን ክፍተት መድፈን ነው። ብረቶቹ ራሳቸው ለጥ ያሉ ካልሆኑ ምንም ያህል ውድ ጓርኒሲዮን ብትገዙ አይደፍነውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው። አሮጌው መጀመሪያ ይለስልስ፣ ከዚያ ይነሳ።

መጀመሪያ የተጣበቀው ምን እንደሆነ እወቁ

በትናንሽ ሞተሮች ላይ የክዳኖቹና የሲሊንደሩ እግር ጓርኒሲዮን በአብዛኛው ወረቀት መሰል ነው። ከቃጫ የተሠራ፣ በማጣበቂያ የታሸ። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ደግሞ ብረት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግራፋይት የተቀባ፣ አንዳንዴ መዳብ። ከዚህ ሌላ ኦሪንጎች (ክብ የጎማ ቀለበቶች) አሉ። እነሱ በአብዛኛው ሳያስቸግሩ ይወጣሉ። ከዚያ ደግሞ ቀደም ብሎ የነካ መካኒክ የለቀለቀው ሲሊኮን አለ።

አሁን በቁም ነገር አንብቡልኝ። ሞተር ሳይክሏ የቆየች ከሆነች፣ በተለይ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ሥሪት ከሆነች፣ በውስጧ ያለው ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከሉት ገና በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። አስቤስቶስ መኖር አለመኖሩ በዓይን አይለይም። ቃጫው በዓይን የማይታይ ነው፤ በትንፋሽ ይገባና ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የሚያመጣው ካንሰር የሚገለጠው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ አሮጌ ጓርኒሲዮን ደረቁን አትፋቁ። በኮምፕሬሰር አትንፉት። በሽቦ ብሩሽ ድሪል አትንኩት። ሁልጊዜ እርጥብ አድርጋችሁ ሥሩ። ፍርፋሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ከነጨርቁ በድርብ ፌስታል አስሩ። አታቃጥሉት። የጨርቅ ወይም የሐኪም ቤት ማስክ ይህንን ቃጫ አይዝም፤ ፒ100 ወይም ኤፍኤፍፒ3 የተጻፈበት መሆን አለበት። ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ጥግ ያዙ።

አከፋፈት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ዘይቱ ይውረድ። ውጪውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡ፤ ክዳኑ ሲከፈት አፈር ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ አንድ ካርቶን ውሰዱ። የክዳኑን ቅርጽ ሳሉበት። ብሎኖቹ ባሉበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ውጉ። እያንዳንዱን ብሎን ስትፈቱ በየቀዳዳው ሰኩት። ብሎኖቹ አንድ ቢመስሉም ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ከገባ ታች ደርሶ ካርተሩን ይሰነጥቃል፣ ወይም ክዳኑን ሳያጠብቅ የጠበቀ ይመስላል።

ብሎኖቹን አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። በመስቀልያ እየተዘዋወራችሁ በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር አላሉ። ቴስታታ ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ይጣመማል።

ክዳኑ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ብሎን ቁጠሩ። ዘይትና አፈር የሸፈነው አንድ ብሎን ቀርቶ ስንቱ ክዳን ተሰብሯል። በዲናሞው በኩል ያለው ክዳን ደግሞ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ማግኔቱ ስለሚስበው ነው የሚያስቸግረው። እዚያ የሚፈለገው ቀጥ ያለ ጉተታ ብቻ ነው። ሁሉም ከወጣ በኋላም ካልተነሳ በጎማ መዶሻ ወይም እንጨት አስደግፋችሁ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ኳ ኳ አድርጉ። ብዙ ክዳኖች ጠርዛቸው ላይ ወጣ ያለ ጆሮ አላቸው፤ መዶሻውም ሆነ መፈልቀቂያው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ ፊቶች መሃል ካቻቢቴ አትሰኩ። የሲሊንደሩን ማቀዝቀዣ ክንፎችም አትምቱ። እንደ ደረቅ ቂጣ ነው ቅርጥፍ የሚሉት።

ሲነሳ፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ቁራጭም ቢሆን አስቀምጡ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን

ከመፋቅ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። ወደ ውስጥ የሚወድቅ አንድ ፍርፋሪ የዘይት ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል። የተዘጋ የዘይት ቀዳዳ ደግሞ ካሙን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ያቃጥላል።

ክር የማይለቅ ትልቅ ጨርቅ ተጠቀሙ። ጫፉ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይንጠልጠል። ትናንሾቹን የዘይት ቀዳዳዎች በግሪስ ድፈኑ ወይም ፕላስተር ለጥፉባቸው። የካም ሰንሰለቱ የሚያልፍበትን ዋሻ አትርሱ፤ ሰንሰለቱንም በሽቦ ወደ ላይ አስሩት። ካልታሰረ ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ስታዞሩ ታች ተጠቅልሎ ይይዛል። ሲሊንደሩ ገና ካልወጣ ፒስተኑን እስከ ላይ አውጡና ጠርዙ ዙሪያ ግሪስ ቀቡ። ፍርፋሪው የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) አጠገብ ከመውረድ ግሪሱ ላይ ይቀራል፣ ኋላ በጨርቅ ይጠረጋል።

ያስገባችሁትን ጨርቅ ቁጠሩ። ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ጻፉት። ስድስት ከገባ ስድስት ይውጣ።

የሚቻል ከሆነ ሞተሩን አጋድሙት፣ የምትሠሩበት ፊት ወደ ጎን ወይም ዘንበል ብሎ ወደ ታች እንዲያይ። ያን ጊዜ ፍርፋሪው ራሱ ወደ ውጭ ይወድቃል። እኛ ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አጋድመን ነበር የሠራነው።

ማለስለስ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚቸኩለው። የግቢው ሽማግሌ መካኒክ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ምላጬን ይዤ ስቀርብ አይተው፣ «ልጄ፣ ተው ብረቱን አትቆጣው። አጠጣውና ሻይህን ጠጥተህ ና» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

ከለስላሳው ጀምራችሁ ወደ ኃይለኛው ሂዱ።

ተነቅሎ የወጣ ክዳን ከሆነ ፈላ ያለ ውሃ የሚገርም ሥራ ይሠራል። ወረቀት ነውና ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ክዳኑን ገንዳ ውስጥ አስተኙና የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ ሙቅ ውሃ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ለዚህ ሥራ ይበቃል። ኦሪንግና የዘይት ሲል ያለበት ከሆነ አስቀድማችሁ አውጡ። ስትጨርሱ ወዲያው አድርቁ። የሲሊንደሩ ውስጠኛ ቱቦ ብረት ስለሆነ በውሃ ከታጠበ በኋላ ሳይቀባ ካደረ ይዝጋል። በተለይ በክረምት። ወዲያው ዘይት ቀቡት።

ካርተሩ ላይ የቀረው ግን ውሃ አይፈስበትም። እዚያ የምትጠቀሙት እንደ ደብልዩዲ 40 ያለ ሰርሳሪ ዘይት ነው። ጨርቅ ወይም ሶፍት በዘይቱ ነክራችሁ ጓርኒሲዮኑ ላይ አስተኙት፣ በላስቲክ ሸፍኑትና አሳድሩት። ላስቲኩ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። እኛ ከማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋት ሁለት ሰዓት አቆየነው። ጠዋት ሲገለጥ ቀለሙ ጠቁሮ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

በዚህ ካልሆነ አሴቶን ወይም ቲነር ይከተላል። ሲሊኮን ላይ ብዙም ኃይል የላቸውም፤ ሲሊኮን በምላጭ ተነስቶ የቀረው ታሽቶ ነው የሚለቀው። የወረቀቱን ማጣበቂያ ግን ይፈቱታል። ችግራቸው ቶሎ መትነናቸው ነው። እነሱንም በጨርቅና በላስቲክ ሸፍኑ።

እዚህ ላይ ስለ እሳት ልናገር። የአሴቶንም የቲነርም ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት እየሄደ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። የምትሠሩበት ግቢ ውስጥ ቡና እየፈላ ከሆነ ወይ ከሰሉ ይራቅ ወይ እናንተ ራቁ። ሲጋራ የያዘ ሰው አታስጠጉ። በር የተዘጋ ክፍል ውስጥ በጭራሽ አትሥሩ።

የመጨረሻው ቀለም መላጫ ነው፤ የቀለም ሱቆች ሪሙቨር የሚሉት። ከሁሉም ኃይለኛው ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ነው። ጓርኒሲዮኑን በደቂቃዎች ያሳብጠዋል። ግን መርዝ ነው። የተተነፈሰው በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ተራ የሐኪም ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። አሜሪካ ለቤት ተጠቃሚ በችርቻሮ እንዳይሸጥ የከለከለችው ሰው ስለሞተበት ነው። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ያለዚህ ኬሚካል የተሠራ ካገኛችሁ እሱን ግዙ፤ ቢዘገይም ይሠራል። የትኛውንም ብትጠቀሙ በብሩሽ በስሱ ቀቡ፣ ወደ ውስጥ አታንጠባጥቡ፣ የሞተሩን የውጪ ቀለም በፕላስተር ሸፍኑ። ጎማ፣ ፕላስቲክና ሽቦ ከነካ ያበላሻል።

የማይነኩ ነገሮችም አሉ። ኮስቲክ ሶዳ አንዱ ነው። አንዳንድ ጋራዥ የብረት ብሎክ ለማጠብ ይቀቅልበታል። ብረቱን አይጎዳውም። አሉሚኒየምን ግን ይበላዋል። የሞተር ሳይክል ካርተርና ክዳን ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ሲያረፋ የምታዩት ብረታችሁ እየሟሟ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፤ እሱም ተቀጣጣይ ነው። የምድጃ ማጽጃ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ኬሚካል አለበት። በረኪናም አሉሚኒየምን ያበላሻል። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ከተጠቀማችሁ ደግሞ በዚያ ላይ እሳት ወይም ትኩስ አየር አትልቀቁበት። ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል።

ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ፣ ጓርኒሲዮኑም አስቤስቶስ የማያሰጋ ከሆነ፣ ምንም ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሳይቀባ በፊት በደረቁ ሞክሩት። አሮጌ ማጣበቂያ ሲሞቅ ይላላል። የጋዝ ነበልባል ግን ይቅር። አሉሚኒየም ሳይቀላ ነው የሚቀልጠው፤ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ማንሳት

መሣሪያው ከብረቱ የለሰለሰ ይሁን። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው የወይራ እንጨት ነው። ሁለት ጣት ስፋት ያላት ቁራጭ፣ ጫፏ እንደ መሮ ተስላ። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይተለትልም። አሉሚኒየሙን ግን አይጭርም። ሲደነዝዝ በብርጭቆ ወረቀት ትስሉታላችሁ። ቀጥሎ ናስ፤ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ዕቃ ወይም ከበር እጀታ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ናስ። የቆየ የባንክ ካርድም ለስላሳው ላይ ይሠራል። ምላጭ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ምላጭ ስትይዙ መጀመሪያ ሁለቱን ማዕዘኖቹን በድንጋይ ትንሽ አድበስብሷቸው። የሚቆፍረው ጫፉ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው። ከዚያ ልትተኛ ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ ያዟት። ወደ ፊት ግፉ። ወደ ኋላ አትጎትቱ። ጓንት ይኑር፣ ሌላው እጃችሁ ከምላጩ ፊት አይሁን።

አቅጣጫው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ፊቱን ተከትላችሁ ዙሪያውን ሂዱ። ከውስጥ ወደ ውጭ አትፋቁ። እጅ ስቶ ጭረት ቢቀር እንኳ ፊቱን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ዘይት አያወጣም። አቋርጦ የሚሄደው ግን ለዘይቱ መንገድ ነው። የእኔ ክዳን የጠፋው በዚህ ነበር።

በዚያች ኤክስኤል ላይ ከሁሉ ያስቸገረን አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ነበረች። ታችኛው ማያያዣ ፒን ሥር፣ ዙሪያውን ከብባ ተጣብቃለች። ምላጩ ጥግ ድረስ አይገባም። ወይራው ይንሸራተታል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከኪሳቸው የጥርስ መፋቂያቸውን አወጡ። ጫፉን በቢላ ቆረጡት፣ አሴቶን ውስጥ ነከሩትና ቁራጯ ላይ ደግፈው ያዙት። ቆዩ። እንደገና ነከሩት። አራተኛው ላይ ጫፏ ነጣ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠች። ሥሯ ያለው አሉሚኒየም ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የማሽን መስመር እንደያዘ ብልጭ አለ። አሥር ደቂቃ ፈጅቷል።

ማያያዣ ፒኖቹን በፒንሳ አትንከሱ። ክብነታቸው ከተበላሸ ክዳኑ በትክክል አይቀመጥም። በቀላሉ የሚወጡ ከሆነ አውጥታችሁ በላስቲክ አስቀምጡ፤ ካልወጡ ባሉበት ይቆዩ።

አልላጥ ካለ ምላጩን አታጠንክሩት። ተመልሳችሁ አርጥቡ። ሁለትና ሦስት ዙር መሄድ የተለመደ ነው።

ድሪል ላይ የሚገጠመውን ሻካራ ክብ ስፖንጅ ብዙ ሰው ይወደዋል። ፈጣን ነው። ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላል፤ በዓይን ሳይታይ ጉድጓድ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ከስፖንጁ የሚረግፈው ዱቄት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፣ ማለትም የመሳያ ድንጋይ ዱቄት። ከዘይት ጋር ተደባልቆ ኩሽኔታ ውስጥ ሲገባ ኩሽኔታውን ይፈጨዋል። ጄኔራል ሞተርስ ለመካኒኮቹ ባወጣው የቴክኒክ ማስታወቂያ በሞተር ላይ እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሽቦ ብሩሽ ድሪልም ከዚሁ አይለይም።

ቴስታታው ላይ የሚቀረው ጥቁር ግራፋይት በአሴቶን በራሰ ጨርቅና በወይራው ይነሳል። ነጠብጣብ ጥላ ቢቀር፣ በእጅ ሲዳሰስ ካልታወቀ፣ ተዉት። የሚያስቸግረው ከፍታ ያለው ነው።

ፊቱን መመርመር

ጥፍራችሁን ፊቱ ላይ አቋርጣችሁ አንሸራቱ። ጥፍሩ ካልያዘ ጭረቱ ጓርኒሲዮኑ የሚሸፍነው ነው። ከያዘ ጥልቅ ነው፣ መስተካከል አለበት። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙበት፤ በርዝመት፣ በወርድ፣ በሁለቱም ሰያፍ። ከሥሩ ፊለር ጌጅ የሚባለውን ስስ መለኪያ ሞክሩ። ለትንሽ ሞተር ቴስታታ የሚፈቀደው መጣመም አብዛኛውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። የራሳችሁን ሞተር ልክ ከጥገና መጽሐፉ እዩ።

ትንሽ ከፍ ዝቅ ያለ ክዳን በቤት ይስተካከላል። ወፍራም መስታወት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡ። 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አስተኙበት፣ በውሃ አርጥቡ። ክዳኑን ከላይ አድርጋችሁ ሳትጫኑ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ አሹት። በየጥቂት ዙሩ እያነሳችሁ እዩ። ያልነካው ቦታ ጠቆር ብሎ ይለያል። በ600 ጨርሱ፣ በሳሙና ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ቴስታታ ላይ ይህን በጥንቃቄ፣ በጣም በትንሹ ብቻ። ሁለቱን የካርተር ግማሾች ግን በዚህ መንገድ አትንኩ። የክራንኩ ልክ ይበላሻል። እሱ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።

የብሎን ቀዳዳዎቹን አትርሱ። ቀዳዳው ታቹ የተዘጋ ከሆነና ውስጡ ዘይት ወይም ቲነር ከቀረ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ካርተሩን ይሰነጥቀዋል። በሲሪንጅ ምጠጡት። ከዚያ መነጽር አድርጋችሁ፣ የጓርኒሲዮን ፍርፋሪ ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ መጠረጉን አረጋግጣችሁ፣ በቀስታ ንፉት።

ጨርቆቹን አውጡ። ቁጠሩ። ግሪሱን ጥረጉ። በመጨረሻ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አሴቶን ነክራችሁ ፊቱን አንድ ዙር አብሱት። ጨርቁ እንደነጣ ከወጣ ፊቱ ተዘጋጅቷል። ከዚህ በኋላ በጣት አትንኩት።

አዲሱን ማስገባት

የሞዴላችሁ ጓርኒሲዮን ካለ ሙሉ ኪቱን ግዙ። ከሌለ የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝታችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ያስቀመጣችሁት አሮጌ ቁራጭም አሁን ነው የሚያስፈልገው። ውፍረቱን በካሊብሮ ለኩ። አሮጌው ተጨምቆ ስለነበር አዲሱ ትንሽ ወፈር ቢል አይገርምም። የፍሪሲዮን ክዳን ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል። የሲሊንደሩ እግር ላይ ግን ውፍረት በግምት አይሆንም። ከሳሳ ፒስተኑ ወደ ቴስታታው ይጠጋል፤ ከወፈረ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የካሙም ሰዓት ትንሽ ይዛባል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ደግሞ በቤት አይቆረጥም።

ስትቆርጡ ቅርጹን ወረቀቱ ላይ በእርሳስ አውጡና በመቀስ ቁረጡ። ብዙዎች ወረቀቱን ክዳኑ ላይ አስተኝተው ጠርዙን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ያወጡታል። ይህ ከብዙ ድካም በኋላ ያስተካከላችሁትን ጠርዝ መልሶ ያጎደጉዳል። የብሎን ቀዳዳዎቹን በዕቃ መብሻ አውጡ። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ መውጣታቸውን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ።

ሲሊኮን ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ወረቀት ያለበት ቦታ ሲሊኮን አያስፈልግም። ክዳኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥም ይወጣል። ወደ ውስጥ የወጣው ተበጥሶ የዘይቱን ወንፊት ይዘጋል። ይችው ኤክስኤል ወንፊቷ ላይ ሦስት ቀይ የሲሊኮን ክር አግኝተንባታል። የክዳኑን ወረቀት ቀጭን ግሪስ ቀብታችሁ ብታስገቡት በቂ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሳይቀደድ ይነሳል። የቴስታታውን ግን ደረቁን አስገቡ።

ብሎኖቹን ከካርቶኑ ላይ በየቦታቸው መልሱ። ሁሉንም በእጅ፣ ከዚያ በመስቀልያ በሁለትና በሦስት ዙር አጥብቁ። አሉሚኒየም ላይ ለሚገባ 6 ሚሊ ብሎን 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ) ከሌላችሁ በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ። የቴስታታውን ግን በግምት አትሞክሩ፤ ቶርክ ሬንች ተዋሱ፣ ልኩንም ከመጽሐፉ ውሰዱ።

ዘይት ሞልታችሁ አስነሱ። ሞቅ እስኪል አሥር ደቂቃ ይሥራ። አጥፉትና ሙሉ ለሙሉ ሲቀዘቅዝ የክዳኖቹን ብሎኖች አንድ ዙር እዩ። ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። እኛ የዳቦ ካርቶን ነበር ያነጠፍንላት። ጠዋት ባለቤቷ ከእኛ ቀድሞ መጥቶ ተንበርክኮ ሲያየው ደረስን። ካርቶኑ ደረቅ ነበር።